ማሽን የነበርሁባቸው ዓመታት

ባለፈው ወር አንድ ሰኞ ከቢሮ ፈቃድ ጠይቄ ወደ መቐለ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣውን የእንዳ ኢየሱስን ዐቀበት በእግሬ ወጣሁ። ባጃጅ አልጠፋም ነበር፤ ነገር ግን የምናገረውን ቃል በልቤ ልደረድር ስለ ፈለግሁ መንገዱ እንዲረዝም ወደድሁ። ልጄ ሐያት በጦርነቱ ምክንያት ያቋረጠችውን የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት እንድትቀጥል ስሟ ከተመላሾች ጋር ወጥቶ ነበር። ምዝገባው ዐርብ ይዘጋል፤ እርሷ ግን አልመዘገብም ብላለች። በእርሷ ምትክ መመዝገብ እችል እንደ ሆነ ልጠይቅ ነው የወጣሁት። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ወጣት ጸሐፊ ቀና ሳይል፣ «ኣደይ፣ ተመዝጋቢዋ ራሷ መምጣት አለባት» አለኝ። መልሱን አስቀድሜ ዐውቀው ነበር። እያወቅሁ መጠየቄ በዚያ ሰሞን የነበርሁበትን ሁኔታ ይናገራል። እናቴ እንደ ማለት «ኣደይ» መባሌንም አልተቀየምሁም። እኔ በዚያው ግቢ ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ ይህ ልጅ ምናልባት ገና አልተወለደም።

በመመለሻዬ በአንድ ረጅም ኮሪደር ሳልፍ ገርበብ ብሎ ከተከፈተ በር ሽታ መጣብኝ። ለብዙ ጊዜ ጠፍቶ የቆየ ኮምፒውተር ሲበራ ውስጡ ተኝቶ የነበረው አቧራ ሞቆ የሚሰጠው ሽታ አለ፤ ከተቃጠለ ፀጉር የለሰለሰ፣ ከጋለ ብረት የከበደ ነው። ወደ ውስጥ አላየሁም። ለማየት ድፍረት አልነበረኝም። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ፤ ዓመታቱም ያለ ፈቃዴ ወደ ኋላ ተመለሱ።

በእኛ ጊዜ ወደ ኮምፒውተር ክፍል በጫማ አይገባም ነበር። ሕጉን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ አቧራ ማሽኖቹን ይገድላል ተብሎ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን የምንገባ ይመስል፣ ጎንበስ ብለን ማሰሪያ ስንፈታ ድምፃችን በራሱ ዝቅ ይል ነበር። የዚያ ዘመን ወግ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጥቁር ጫማና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ የጂንስ ቀሚስ ነበር። ያ ሁሉ ጥቁር ጫማ በሩ ላይ ተደርድሮ ሲታይ የለቅሶ ቤት ይመስላል እያለች ለተብርሃን ታስቀን ነበር። ለተብርሃን የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ እኔ ዋጥ ያደረግሁትን ሁሉ በእኔ ፈንታ የምትናገር፣ የቆመን ሰው በአንድ ቃል የምታስቀምጥ ልጅ ነበረች። «የሌላ ዲፓርትመንት ተማሪ ካልሲው ቢቀደድ ምስጢሩ ከፈጣሪው ጋር ነው፤ የእኛ ግን ዐዋጅ ነው» ትል ነበር። ከግቢው በታች ባለች ሻይ ቤት አንድ ፓስቲ በሃያ አምስት ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ አንድ ፍሎፒ ዲስክ ለመግዛት ደግሞ ከፓስቲው ለብዙ ቀን መጾም ያስፈልጋል። ከጎኗ ያለው የካሴት ሱቅ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ በትግርኛም በአማርኛም እያፈራረቀ ያሰማ ነበር። ዛሬም አንዳንዱን ዜማ ስሰማ ጣቶቼ ላይ የፓስቲው ዘይት ይሰማኛል።

አባቴ ከወሎ መጥተው መቐለ ላይ የቀሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ቤት ሲንጀራቸውን ከበሩ አፍ ላይ አስቀምጠው፣ የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ እየጠሩ ይሠሩ ነበር። እኔ ኮምፒውተር ሳይንስ የደረሰኝ ቀን ዕቃ ለሚያራግፉት የሀገራቸው ልጆች ሁሉ ሻይ ጋበዙ። ምን እንደምማር ሲጠየቁ «ነገ የሚመጣውን» ብለው ይመልሱ ነበር። ኮምፒውተር የተማረ አይቸገርም የሚባልበት ዘመን ነበር። ጎረቤቶቻችን ሬዲዮ ሲበላሽባቸው ወደ እኔ ያመጡ ነበር፤ እኔም አላውቅም ማለት የአባቴን ስም ማሳነስ እየመሰለኝ ባትሪውን አውጥቼ እመልሰው ነበር። አንዳንዴ ይሠራል።

በሁለተኛው ዓመት ዲፓርትመንቱ ለማሽኖቹ የአቧራ ልብስ ማሰፋት ፈልጎ ሥራው ለአባቴ ደረሰ። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ፤ እንደ ሁላችን ጫማቸውን አወለቁ፤ ከሞኒተሩ ፊት ቆመው እንደ ሙሽራ ላዩን ታቹን አዩት። ከዚያ ዞር ብለው «ይህ ሰውዬ ትከሻ የለውም፤ በምኑ ላይ ላሳርፍለት?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰማያዊ ካኪ ነበር የሰፉላቸው፤ ጫፉ ላይ በነጭ ክር አንዲት ቀጭን መስመር አዙረውበት። ለዓመታት ከትምህርት በኋላ ማሽኑን ሳለብስ የአባቴን እጅ የነካሁ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ዘመን ሁሉ ከእኔ ጋር የቀረው ግን ሌላ ነገር ነው። ማሽኖቹ ከእኛ ቁጥር ጋር ስለማይመጣጠኑ መምህራችን አንድ የአሠራር ደንብ አወጡ፤ በወረቀት ላይ ያልሄደ ፕሮግራም ማሽን ላይ አይወጣም። ሁለት ሁለት ሆነን እንቀመጣለን። አንዷ ጸሐፊ ናት፤ ሌላዋ ማሽን። ጸሐፊዋ ትእዛዞቿን በተራ ጽፋ ትሰጣለች፤ ማሽኗ አንድ በአንድ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እያነበበች የታዘዘችውን ብቻ ትፈጽማለች። ማሽን መርዳት የለባትም፤ ማዘንም፣ «ይህን ለማለት ፈልገሽ ይሆናል» ብላ መገመትም አትችልም። መልስ ያልተጻፈለት ነገር ሲገጥማት ቀጥ ብላ ትቆማለች። መምህራችን ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡን አንድ ነገር ነበር፤ «ከሆነ» ብላችሁ የጻፋችሁት ሁሉ ከሥሩ «ካልሆነ» የሚል መስመር ይፈልጋል ይሉን ነበር። አንድ ጊዜ ለተብርሃን የምሳ ሰልፍ የሚያስተናግድ ፕሮግራም ጽፋ እኔ ማሽን ነበርሁ። ሰልፈኛው የሚያልቅበትን መስመር ስለ ረሳችው፣ «ወደ መጀመሪያው ተመለስ» የሚለውን ደጋግሜ እያነበብሁ አላቆምም አልሁ። እውነተኛው ምሳ ሲያልፈን፣ «ሓፍተይ፣ በጃኺ፣ እባክሽ እህቴ፣ ማሽኗ ሰው ሁኚና እንብላ» ብላ ለመነችኝ። አልሆንሁላትም። ለማሽንነት የተፈጠርሁ ነበርሁ፤ ዝምተኛ፣ ሥርዓት ወዳድ፣ የተባለውን ብቻ የማደርግ። አሁን ለተብርሃን የት እንዳለች አላውቅም። ስልኳ መጥራት ካቆመ ቆይቷል።

ተመረቅሁ፤ የመንግሥት ቢሮ ገባሁ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የቢሮውን የመረጃ ክፍል ያዝሁ። አገባሁ፤ ባለቤቴም በሞት ተለየኝ። ሐያትን ከአባቴ ጋር ሆኜ ሰሜን ክፍለ ከተማ ባለችው ቤታችን አሳደግኋት። ሐያት እንደ እኔ አይደለችም፤ የምታስበው ሁሉ ፊቷ ላይ ይታያል። ዲፓርትመንት መምረጫዋ ሲደርስ ሳላስገድዳት እርሷ ራሷ የእኔን መንገድ መረጠች። አያቷ እንደገና ሻይ ጋበዙ። እንደገና «ነገ የሚመጣውን» አሉ። ነገ ግን ያሉትን ሳይሆን ጦርነቱን ይዞ መጣ።

ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልጽፍም፤ እዚህ የነበረ ያውቀዋል። መብራት ጠፋ፤ ስልክ ጠፋ፤ ባንክ ተዘጋ። ሐያት ግቢዋን ትታ መጣች። ያን ያህል የደከመችበት ትምህርት ከእጇ እንዳይወጣ በመስኮቱ በኩል ብርሃን በሚገባበት ሰዓት አንድ ነገር ጀመርን፤ «ጻፊ፤ እኔ ማሽን እሆናለሁ» አልኋት። በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ፣ ኮምፒውተር በሌለበት፣ በአማርኛ ፕሮግራም ትጽፋለች፤ እኔ እንደ ድሮዬ አነብባለሁ፤ እፈጽማለሁ። የውሃ ወረፋ፣ የዱቄት ድርሻ፣ እንጨት የሚቆጥብ የምድጃ ተራ፣ ያልጻፈችው አልነበረም። ከእኔ ትበልጥ ነበር። ይህን ስል እናትነቴ አይደለም የሚናገረው። እኔ በብዙ መስመር የምፈታውን እርሷ በጥቂቱ ትጨርሰዋለች፤ አንድም «ካልሆነ» አትዘነጋም። ማሽን ሆኜ ሳነብ በልቤ እኮራ ነበር፤ ማሽን ግን መኩራት ስለሌለበት ፊቴን አላሳይም።

አባቴ ስኳር ነበረባቸው። ኢንሱሊን በከተማው ጠፋ። ዓይደር ሆስፒታል በየቀኑ እንመላለሳለን፤ እዚያ ያሉትም እንደ እኛው እጃቸው ባዶ ነበር። በቤት የቀረችውን ሙቀት እንዳያበላሻት በራሰ አሸዋ በተከበበች የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጠናታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሐያት ወረቀት አምጥታ ለብቻዋ ብዙ ጻፈች፤ ከዚያም ሰጠችኝ። የአያቷን መድኃኒት እንዴት ብንከፋፍለው እስከ ክረምቱ መውጫ እንደሚያደርሳቸው የሚፈልግ ፕሮግራም ነበር። ያላሰበችው አልነበረም፤ የምግባቸው መጠን፣ መርፌ የማይወጉበት ቀን፣ አዲስ የሚገኝበት ዕድል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርሁ። በየመንገዱ ሄድሁ። አንዱ ሲዘጋ ወደ ሌላው ተመለስሁ። ሁሉም አንድ መልስ ሰጡ፤ አያደርሳቸውም። ያንንም እንደ ሌላው መስመር በዚያው ድምፅ አነበብሁት። ከመጋረጃው ጀርባ የተኙት አባቴ ሁሉንም ሰምተው ኖሯል። «ሐያት» ብለው ጠሯት፤ «ልክ ቆርጣችሁታል። ጨርቁ ነው ያነሰው።»

ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርናቸው። ሐያት ከዚያች ከሰዓት ወዲህ ለብዙ ጊዜ እርሳስ አላነሣችም።

አሁን መብራቱ ተመልሷል። የካሴት ሱቁ የነበረበት ቦታ የስልክ መለዋወጫ መሸጫ ሆኗል፤ ሐያትም ላለፉት ወራት እዚያው አካባቢ በአንድ ሱቅ የስልክ መሸፈኛ ትሸጥ ነበር። አብረዋት የተማሩት ከፊሉ ተመለሱ፤ ከፊሉ ሄዱ፤ ከፊሉ የሉም። የተመረቁትንም ታውቃቸዋለች፤ ሱቋ ደጃፍ ቆመው ያለ ሥራ ከሰዓቱን የሚገፉት እነርሱ ናቸው። ትምህርቱን ሳነሣባት ስልኳን አውጥታ አንድ ጥያቄ በአማርኛ ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ትጽፍና፣ እኔ አንድ ሳምንት የምደክምበትን ፕሮግራም በዐይን ጥቅሻ ሲዘረግፈው ታሳየኛለች። «ይኸው ያንቺ ዲግሪ» ትለኛለች። በቁጣ አይደለም የምትለው። ብትቆጣ በወደድሁ ነበር።

ከእንዳ ኢየሱስ የተመለስሁ ዕለት የጎረቤታችን ልጅ የሐያትን የዒድ ቀሚስ ለብሳ በር ላይ አገኘኋት። ሐያት ሰጠችኝ አለች፤ ሽቶዋንም፣ ጥሩዋን ቦርሳዋንም። በእኛ ሰፈር ልብሷን የምታድል ልጅ ወዴት እንደምትሄድ መጠየቅ አያስፈልግም። በዓፋር በኩል ወደ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ማዶ በየመን በኩል ወደ ዐረብ ሀገር ነው። ከሄዱት መካከል ደውለው ደርሰናል ያሉ አሉ። ልጆቻቸው ሳይደውሉ የቀሩባቸው እናቶች ግን በየመንገዱ ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው ሲሄዱ ይታያሉ፤ ቦርሳ ውስጥ አያስገቡትም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐያት ከሱቅ ቀድማ መጣች። ከፊት ለፊቷ ተቀመጥሁ። እኔ ለመለመን የተፈጠርሁ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ለመንሁ። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «እማ፣ አንቺስ ከዚህ ትምህርት ምን አገኘሽ?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ ዕድሜዬን በሙሉ መልስ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ደመወዙን ልጠቅስ አልቻልሁም፤ ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ስሠራ አይታለች። ስለዚህ እውነት መስሎ የታየኝን ነገርኋት። አንድ ነገር ሲበላሽ ዕጣ ፈንታ ነው ብዬ እጄን አጣጥፌ እንዳልቀመጥ፣ ስሕተቱ ያለበትን መስመር በትዕግሥት እንድፈልግ፣ ተፈልጎ የማይገኝ ስሕተት እንደሌለ እንዳምን አድርጎኛል አልኋት።

«በአባባ መድኃኒት ጊዜ ስሕተቱ የትኛው መስመር ላይ ነበር?»

ሻሼን አጠበቅሁ።

«አልነበረም እኮ» አለች። «ደጋግሜ አይቸዋለሁ። ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ምን ጠቀመን?»

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሰው ተስፋ ሲቆርጥ የሚያውቀውን እጀታ እንደሚጨብጠው ያለ ነው። ወረቀትና እርሳስ አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥሁ። የምትሄጂበትን ጻፊው፤ እኔ ማሽን እሆናለሁ አልኋት። ሳትፈልግ ሳቅ አመለጣት፤ «አሁን? ለዕድሜሽ ትንሽ አታስቢለትም?» አለች። ሆኖም ጻፈች። እጇ ድሮ እንደማውቀው ፈጣን ነበር። እኔም አነበብሁ፤ ደላላው ቃሉን ከጠበቀ ባሕሩ ዳር ትደርሻለሽ፤ ጀልባው ካለ ትሻገሪያለሽ፤ ሥራ ከተገኘ ለእናትሽ ትልኪያለሽ። ደላላው ቃሉን ካልጠበቀ የሚል መስመር ፈለግሁ፤ አልነበረም። ቆምሁ። ድሮ እንደምቆመው፣ ዐይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ ቆምሁ። ልጄ «ካልሆነ» የምትዘነጋ ልጅ አይደለችም። ዐውቃ ነው የተወችው። ውጭ የባጃጅ ድምፅ ይመጣና ይሄዳል።

በመጨረሻ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ገለበጠችው። «እሺ። አሁን እኔ ማሽን ነኝ። ያንቺን ጻፊ።»

ጻፍሁ። ከተመዘገብሽ ትማሪያለሽ። ከተማርሽ ትመረቂያለሽ። ከተመረቅሽ ሥራ ትፈልጊያለሽ። ሥራ ካገኘሽ በሀገርሽ ትኖሪያለሽ። እርሷም እኔ ባስተማርኋት ደረቅ ድምፅ፣ ያለ ማዘን፣ ያለ መገመት አነበበችው። ሥራ ካላገኘሽ የሚለው መስመር የጎደለበት ቦታ ስትደርስ ዐይኗን ወረቀቱ ላይ ተክላ ጠበቀች።

እርሳሱ በእጄ ነበር። እናትሽ አለች ልል ፈለግሁ፤ እናቷ እስከ መቼ እንደምትኖር ግን አይታወቅም፤ አያቷም ነበሩ። ሀገሩ ይስተካከላል ልል ፈለግሁ። ኢንሻአላህ ብዬ ልጽፍ እርሳሱን አስጠጋሁ፤ ነገር ግን ማሽን ኢንሻአላህን አያውቅም ብዬ ያስተማርኋት እኔው ነኝ። ምንም አልጻፍሁም። እንደ ቆመ ማሽን ጠበቀችኝ፤ ከዚያም ወረቀቱን አጥፋ ተነሣች።

ዐርብ ቢሮ ውዬ ምን እንደ ሠራሁ አላስታውስም። አምስት ጊዜ መስገድ የሚገባኝ ሴት ስግደቴን መቁጠር እስኪጠፋኝ ድረስ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ከሰዓት ስመለስ ሐያት ግቢያችን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ቀና ሳትል፣ «ተመዘገብኩ» አለችኝ። የግንቡን ጠርዝ ይዤ ተቀመጥሁ። ላቅፋት ነበር የፈለግሁት፤ እኛ ግን እንዲያ ያለ ልማድ የለንም። እርሷም ፊቴን አይታ፣ እንዳልደሰት ይመስለኛል፣ ቶሎ ቀጠለች።

«ደላላውን ግን አልተውኩትም። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ጠብቀኝ ነው ያልኩት። ግድ የለም፣ መኪና ሁልጊዜ አለ አለኝ። እስከዚያ ያችን የጎደለች መስመር ጻፊልኝ፣ እማ።»

ልትቀልድብኝ አልነበረም። ጨው አቀብዪኝ እንደምትለው ነበር ያለችው።

ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት ሁሉ ቢሮዬን ዘግቼ እጽፋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼን ጠይቄአለሁ፤ አንዱ የግል ሥራ ትክፈት አለኝ፣ ሌላው ታግባ አለኝ፣ ሦስተኛው ትከሻውን ሰበቀ። የእያንዳንዳቸውን መልስ መስመር አድርጌ እጽፍና ራሴ ማሽን ሆኜ አነብበዋለሁ። ሁሉም አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል። ዲግሪ ያለኝ፣ ሰው ሁሉ ጠንቃቃ የሚለኝ ሴት ነኝ፤ ለአንድ ሕፃን የሚገባን አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ አቅቶኛል። ትምህርቱ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ፤ እጅግ አምናለሁ። የማምነውን ግን ማሽን በሚያነበው ቋንቋ መጻፍ አልቻልሁም፤ ልጄም ከሌላ ቋንቋ መቀበል ትታለች።

ዛሬ ጠዋት ደብተሮቿን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «ጻፍሽው?» አለችኝ። «እየጻፍኩ ነው» አልኋት። ወጣች። ቤታችን ከትልቁ መንገድ ዳር ነው፤ ወደ ከተማውና ወደ ግቢዋ የሚወስደው ሚኒባስ ከመንገዱ ማዶ ይቆማል፤ ወደ ውቅሮና ወደ ዓፋር መንገድ የሚወጣው በእኛ በኩል። የሚኒባስ በር ሲዘጋ ይሰማል። ድምፁ ከየትኛው ወገን እንደ መጣ እስክለይ ድረስ በየጠዋቱ ከወንበሬ አልነሣም።